ከፓርኬው በፊት ወለሉ፦ ባልተስተካከለ ሊሾ ላይ እንጨት ስለማንጠፍ

ቤት የሚያስጨርስ ሰው ፓርኬ ሊገዛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከዚያም መቼ እንደሚነጠፍለት። ፓርኬው የሚያርፍበት ወለል ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ከተነጠፈ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ፣ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ መገጣጠሚያው ተከፈተ፣ መሃሉ ተነሳ፣ ጠርዙ አበጠ የሚለው ሁሉ፣ በአብዛኛው የሚጀምረው ከሥር ነው። እንጨት የሚተኛው ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ይዞ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ውሃም ይጠጣል። ስለዚህ ለወለል ሥራ ከያዙት ገንዘብ የተወሰነውን ከፓርኬው ላይ ቀንሰው ለሊሾው ማስተካከያ መመደብ ይሻላል። ጥሩ ወለል ላይ የተነጠፈ መካከለኛ ፓርኬ፣ መጥፎ ወለል ላይ ከተነጠፈ ውድ ፓርኬ በብዙ ዓመት ይበልጣል።

እዚህ የምናየው በከተማ ቤቶች በብዛት የሚያጋጥመውን ነው፦ ከሶሌታው (ከኮንክሪቱ ንጣፍ) በላይ የሲሚንቶ ሊሾ ብቻ ያለው የኮንዶሚኒየም ወይም የአፓርታማ ወለል፣ መሬት ላይ ያረፈ የቪላ ወለል፣ በመጨረሻም ከሥሩ ባዶ የሆነ የድሮ ቤት የጣውላ ወለል።

ሊሾው ጠንካራ ነው ወይ?

ይህን ለማወቅ ሚስማርና መዶሻ ይበቃሉ። ሚስማሩን ጫን አድርገው ሊሾው ላይ ይጫሩበት። ነጭ መስመር ብቻ ከተወ ደህና ነው። እንደ አሸዋ እየተፈረፈረ ቦይ ካወጣ ግን ላዩ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ሲሚንቶው አንሶበታል፣ ውሃው በዝቶበታል፣ ወይም ከተሠራ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ ደርቋል። እንዲህ ያለ ወለል ላይ ፓርኬ በኮላ ቢለጠፍ ኮላው አይለቅም፤ የሚለቀው ሊሾው ራሱ ነው። ፓርኬው ሲነሳ ጀርባው ላይ ስስ የሲሚንቶ ቅርፊት ተጣብቆ ይመጣል። ድክመቱ አንድና ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ተፍቆ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ሰርጎ የሚያጠነክር ፕራይመር ይቀባል። ከዚያ ከጠለቀ ያ ክፍል ተነስቶ እንደገና መሠራት አለበት።

ከዚያ ወለሉን በየ30 ሴንቲሜትሩ በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። የተያዘው ቦታ ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ ከሶሌታው የተላቀቀው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በጠመኔ ያክቡት። ከእጅ መዳፍ የሰፋ ከሆነ ዙሪያውን በግራይንደር ቆርጠው ያውጡትና በአዲስ ሞርታር ይሙሉት። ከመቁረጥ በፊት የኤሌክትሪክ ቱቦና የውሃ መስመር በየት እንደሚያልፍ ያጣሩ፤ በብዙ ሕንጻ ሁለቱም ሊሾው ውስጥ ተቀብረው ይገኛሉ፣ በተለይ በኩሽናና በመታጠቢያ ቤት በር አካባቢ።

ሦስተኛው ፍተሻ የውሃ ጠብታ ነው። የተወሰነ ጠብታ በተለያየ ቦታ ያንጠባጥቡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ወለሉን ካጠቆረ ሊሾው ክፍት ነው። እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆየ ግን ቀለም፣ ዘይት ወይም ሰም አለበት። ለዓመታት ሰም ሲቀባ የኖረ የድሮ ቤት ሊሾ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ተቆላልፎ ሳይጣበቅ ለሚነጠፍ ፓርኬ ይህ ችግር አይሆንም። ለሚለጠፍ ፓርኬና ለማስተካከያ ሙሊት ግን የላዩ ሽፋን እስኪነሳ መፋቅ ግዴታ ነው። በጨርቅና በሳሙና ማጠብ ሰሙን አያወጣውም።

እርጥበት፦ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት

ሲሚንቶ በሦስተኛው ቀን ሰው ይሸከማል፤ ያ ግን ጠነከረ ማለት ነው እንጂ ደረቀ ማለት አይደለም። በውስጡ የቀረው ትርፍ ውሃ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በሙያው የሚሠራበት ስሌት፣ እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ሊሾ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር አንድ ቀን የሚል ነው። የ5 ሴንቲሜትር ሊሾ ስለዚህ 50 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ይህም መስኮት እየተከፈተ፣ አየር እየገባ፣ በደረቅ ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከዚህ በላይ ይወስዳል። ከ5 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊሜትር የሚያስፈልገው ጊዜ ይረዝማል። የግድግዳ ልስን፣ ጀሶ፣ ቀለምና ሰራሚክ ሁሉም ውሃ ስለሚያመጡ፣ ፓርኬ የሚገባው እነሱ ሁሉ ካለቁና ከደረቁ በኋላ ነው።

ቀላሉ ፍተሻ ይህ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ የሚያሳይ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ያንጥፉና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በደንብ በፕላስተር ያሽጉት። ከሦስት ቀን በኋላ ሲያነሱት ፕላስቲኩ ከሥሩ ላብ ካወጣ፣ ወይም የተሸፈነው ሊሾ ከአካባቢው ጠቆር ካለ፣ ወለሉ አልደረቀም። ከአንድ ቦታ በላይ ይሞክሩት፤ ፀሐይ ከሚያገኘው ሳሎን ይልቅ ሰሜን የዞረው መኝታ ቤት ዘግይቶ ይደርቃል። ፍተሻው ድክመት አለው፦ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ እውነት ነው፣ ደረቅ ሆኖ ከታየ ግን በጥልቀት ያለውን ውሃ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በኮላ ለሚለጠፍ ሙሉ እንጨት ከሊሾው ውስጥ ናሙና ተወስዶ በካርባይድ መለኪያ መለካት አለበት። ለሲሚንቶ ሊሾ የተለመደው የእርጥበት ጣሪያ 2 በመቶ ነው።

መሬት ላይ ያረፈ ወለል ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ውሃው ከሊሾው የተረፈ ሳይሆን ከአፈሩ በየክረምቱ የሚወጣ ነው። ከሥሩ ፕላስቲክ ሳይነጠፍ የተሠራ ወለል ሃያ ዓመት ቢቆይም ነሐሴ ላይ ይረጥባል። ምልክቱ ከግድግዳው ግርጌ የሚፈረፈር ቀለምና ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ነው። እዚህ መጀመር ያለብዎ ከውጭ ነው፦ የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ዝቅ ይበል፣ አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ይጣል፣ በቤቱ ዙሪያ የሚቆም ውሃ መውጫ ያግኝ። ከዚያ ተቆላልፎ የሚነጠፍ ፓርኬ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ ላይ ሊነጠፍ ይችላል። ፕላስቲኩ 20 ሴንቲሜትር እየተደራረበ በፕላስተር ይታሸጋል፣ በየግድግዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ላይ ይወጣና በዞኮሎ፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ በሚመታው ጠርዝ መሸፈኛ፣ ይሸፈናል። በኮላ የሚለጠፍ ከሆነ እርጥበት የሚያግድ ኢፖክሲ ሁለት ጊዜ መቀባት ያስፈልጋል። የግድግዳው ግርጌ በየክረምቱ ያን ነጭ ዱቄት ለሚያወጣ ቤት የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ ለዚያ ክፍል እንጨቱን ይተዉትና ሰራሚክ ያንጥፉ።

የእንጨቱም እርጥበት አለ። እንጨት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እስኪስማማ ውሃ ይጠጣል ወይም ይተፋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ አካባቢ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 65 ሲሆን 12፣ 80 ሲሆን 16 በመቶ ያህል። የአዲስ አበባ በጋና ክረምት የሚለያዩት በዚህን ያህል ነው። አሁን 7 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የባሕር ዛፍ ፓርኬ እንውሰድ። እንጨት እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲለወጥ ስፋቱ በግምት 0.3 በመቶ ይለወጣል። እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢጨምር ያ አንድ ቁራጭ 0.8 ሚሊሜትር ይሰፋል። ለአንድ ቁራጭ ምንም ላይመስል ይችላል፤ 4 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ግን ወደ 57 የሚሆኑ ቁራጮች ጎን ለጎን አሉ፣ ሁሉም በነጻነት ቢሰፉ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋሉ። ኮላው አብዛኛውን ይይዘዋል፤ የማይችለው ሲሆን ወለሉ ይነሳል። በጥር ደርቆ፣ ከግድግዳ ጋር ተጠጋግቶ የተነጠፈ ፓርኬ በነሐሴ የሚጎብጠው፣ በነሐሴ እርጥብ ሆኖ የተነጠፈው ደግሞ በጥር ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙሉ እንጨት ሲገዙ ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋማ ከተሞች ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ያለውን ይፈልጉ። የእንጨት መለኪያ ከሌለ የቤት ምድጃና ግራም የምታነብ የኩሽና ሚዛን ሥራውን ይሠራሉ። ከተለያዩ እሽጎች መሃል አንዳንድ ቁራጭ ቆርጠው ወዲያው ይመዝኑ፤ ምድጃውን 103 ዲግሪ አካባቢ አድርገው ያስገቡትና ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በየጥቂት ሰዓቱ ይመዝኑት። 112 ግራም የነበረው 100 ላይ ከቆመ፣ የጠፋው 12 ግራም ለደረቁ 100 ግራም ሲካፈል 12 በመቶ ነው። 18 ወይም 20 ካገኙ ሻጩ ምንም ቢምል አይቀበሉት።

ልክ መሆንና ለጥ ማለት

እነዚህ ሁለቱ ይምታታሉ። ወለሉ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሁለት ሴንቲሜትር ዘንበል ቢል፣ ዝንባሌው ወጥ እስከሆነ ድረስ ለፓርኬ ችግር የለውም። ችግሩ ጉብታና ሰርጓዳ ነው። ውሃ ልክ ዝንባሌን ይነግርዎታል፤ ጉብታና ሰርጓዳን የሚያሳይዎ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦላሬ ነው። የፓርኬ አምራቾች በአብዛኛው የሚጠይቁት በ2 ሜትር ውስጥ ልዩነቱ ከ3 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ነው።

ቱቦላሬው ራሱ ቀጥ ማለቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ግድግዳ ላይ አስደግፈው በጠርዙ መስመር ያስምሩ፣ ገልብጠው ያንኑ ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ያስተያዩ፤ መስመሩና ጠርዙ ካልገጠሙ ሌላ ይፈልጉ። ከዚያ ሁለት የትራፓኖ ፑንታ ይያዙ፣ አንዱ ባለ 3 ሚሊሜትር ሌላው ባለ 5። ቱቦላሬውን ወለሉ ላይ አስተኝተው ከሥሩ ባለ 3ቱን ፑንታ በጎኑ ያንሸራትቱ። ካላለፈ ቦታው ደህና ነው። ባለ 3ቱ ካለፈ መሞላት አለበት፣ ባለ 5ቱም ካለፈ ጥልቀቱን በሜትር ይለኩና ቁጥሩን እዚያው ወለሉ ላይ ይጻፉ። ቱቦላሬው መሃሉ ተደግፎ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ከሥሩ ጉብታ አለ፤ የመስቀል ምልክት ያድርጉበት። ክፍሉን በርዝመት፣ በወርድና በአግድም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይለኩት። በር አካባቢና ግድግዳ ግርጌ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ሊሾ የሚሠራው ሰው መደምደሚያው ላይ በእጅ ማንኪያ ስለሚጨርስ ማዕዘን ሁልጊዜ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ይላል።

ለምን 3 ሚሊሜትር? ተቆላልፎ የሚነጠፍ ፓርኬ ወንዴና ሴቴው ከፋይበር የተጨመቀ ስስ ከንፈር ነው። ሰርጓዳ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ አየር ይኖራል፤ ሰው ሲረግጠው ወርዶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ምንም አይሆንም። በቀን መቶ ጊዜ፣ በተለይ በኮሪደርና በሶፋ ፊት፣ ያ ከንፈር ይደክምና ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ክፍተቱ ይከፈታል፣ ውሃ ይገባል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ያበጠውን ደግሞ የሚመልሰው ነገር የለም።

ማስተካከል

ጉብታውን መፋቅ ከመሙላት ይቅደም። አንድ ሜትር የምትሆን ጉብታ ሳትፋቅ ብትቀር፣ እሷን ለመድረስ ክፍሉን በሙሉ ከፍ ማድረግ ይመጣል። የሚያስፈልገው ግራይንደርና የኮንክሪት መፍጫ የአልማዝ ዲስክ ነው። አቧራው ከባድ ነው፤ በውስጡ ያለው የድንጋይ ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፣ ስለዚህ ጨርቅ መጠምጠም አይበቃም፣ የአቧራ ማስክ ያስፈልጋል። በሩን በፕላስቲክ ጋርደው፣ መስኮት ከፍተው፣ በየደቂቃው በቱቦላሬ እየለኩ ይፍቁ።

ሰርጓዳው በክፍሉ ሙሉ ተበታትኖ ከሆነ የሚሻለው በገበያ ሰልፍ ሌቭሊንግ የሚባለው ራሱን የሚያስተካክል ሙሊት ነው። መጠኑን ለማስላት ለአንድ ካሬ ሜትር በአንድ ሚሊሜትር 1.6 ኪሎ ያህል ይያዙ። ክፍሉ 20 ካሬ ሜትር ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 160 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎ 7 ከረጢት ይፈልጋል። ሥራው ፋታ አይሰጥም፤ የተበጠበጠው የሚፈሰው ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን አስቀድመው በጀሪካን ይሙሉ፣ ለእያንዳንዱ ከረጢት ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሊትር በመለኪያ ለይተው ያስቀምጡ፣ መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ መበጥበጫውን የሚያንቀሳቅስ ሌላ አማራጭ ይያዙ። ሦስት ሰው ይኑር፦ አንዱ ይበጥብጥ፣ አንዱ ያፍስስ፣ አንዱ ይዘርጋ። ከመጀመር በፊት ወለሉ ይጠረግ፣ ፕራይመር ይቀባ፣ ይድረቅ፤ በሩ ግርጌ በስፖንጅ ቁራጭ ይታጠር፣ በግድግዳው ዙሪያና በቧንቧ አጠገብ ያለ ስንጥቅ ይደፈን። ያልተደፈነ ቀዳዳ ካለ ሙሊቱ ወደ ታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ይወርዳል።

እንዲፈስ ብሎ ውሃ መጨመር ትልቁ ስህተት ነው። ቀጭኑ ሙሊት ከባዱ አሸዋው ከታች ይቀመጥና ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ደካማ ሽፋን ይተዋል፤ ከጠንካራ ሊሾ ተነስተው ወደ ደካማ ሊሾ ተመለሱ ማለት ነው።

ሁለትና ሦስት ሰርጓዳ ብቻ ካለ ክፍሉን ሁሉ ማፍሰስ አያስፈልግም። ለማስተካከያ የተሠራ የላቴክስ ሲሚንቶ ሙሊት እስከ ባዶ ጠርዝ ሊሳሳ ይችላል። ተራ የአሸዋና የሲሚንቶ ሞርታር ግን አይችልም፤ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ቢቀባ እንደ ቅርፊት ይነሳል። በሞርታር መሙላት ካለብዎ የሰርጓዳውን ዙሪያ በግራይንደር አንድ ሴንቲሜትር ቆርጠው ውስጡን ይቆርቁሩ፣ የሚያጣብቅ ላቴክስ የተቀላቀለበት የሲሚንቶ ወተት ይቀቡ፣ ሳይደርቅ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት በወንፊት የተነፋ አሸዋ በሆነ ሞርታር ይሙሉ፣ ሦስት ቀን ውሃ ያጠጡ። ከዚያ የማድረቂያው ቆጠራ እንደገና ይጀምራል።

ሦስት ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ክብደቱን ያስቡ። የ3 ሴንቲሜትር ሞርታር በካሬ ሜትር 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ20 ካሬ ክፍል 1,200 ኪሎ ነው። ከላይ ፎቅ ላይ ይህን መሐንዲስ ሳያማክሩ አይጨምሩ።

ሰርጓዳን በጀሶ መሙላት በየቦታው ይታያል፤ ርካሽ ነው፣ በአንድ ሰዓት ይጠነክራል፣ ሲጨርስም ያምራል። ጀሶ ግን ከእርጥበት ጋር ይለሰልሳል፣ ሲረገጥም ይፈረፍራል፤ የፈረፈረው ዱቄት ከፓርኬው ሥር ተንቀሳቅሶ አዲስ ጉብታ ይሠራል። ካርቶን አጥፎ ማስገባት ከዚያ ይብሳል። ከፓርኬው ሥር የሚነጠፈውን ስፖንጅ ሁለት እጥፍ ማድረግ ደግሞ ሰርጓዳውን ሳይሞላ ወለሉን ሁሉ ያለሰልሰዋል፣ መቆላለፊያውም ቶሎ ይሰበራል። ስፖንጅ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር፣ አንድ ድርብ ብቻ።

አሁን ፓርኬውን እንምረጥ

ወለሉ ከታወቀ ምርጫው ይጠባል። ላሚኔት፣ ከተጨመቀ ፋይበር ተሠርቶ ላዩ ላይ የእንጨት ምስል ያለው፣ ሳይጣበቅ ስለሚነጠፍ በሰም በተበላ ሊሾም፣ በደህና ሰራሚክም ላይ ይሄዳል። ባለ 8 እና ባለ 12 ሚሊሜትር አለ፤ ባለ 12ቱ ጠጣርና ድምፁም የተሻለ ነው፣ ሰርጓዳን ይሻገራል ተብሎ ግን አይገዛ። ከውፍረቱ ይልቅ ካርቶኑ ላይ ያለውን የመፋቅ ደረጃ ይዩ፦ ለመኝታ ቤት ኤሲ 3፣ ለሳሎንና ለኮሪደር ኤሲ 4።

ኤስፒሲ የሚባለው ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ እንጨት አይደለም፤ ውሃ አያሳብጠውም፣ ለምድር ቤትና ለኩሽና ይመቻል። ቀጭን በመሆኑ ግን ለሰርጓዳ ከሁሉም በላይ ስሱ ነው።

ሙሉ እንጨት ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ፣ ደረቅ ሊሾ ከሦስቱም አንዱን ሳያጎድሉ ይፈልጋል። ያ ከተሟላለት ደግሞ ሌላው የማይሰጠውን ይሰጣል፤ ከዓመታት በኋላ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ እንደ አዲስ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ የሚንቀሳቀሰውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጠባብ ቁራጭ ይምረጡ። ማጣበቂያው ፖሊዩሬቴን ይሁን፣ በጥርሳም ማንኪያ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ወይም ጥቂት በለጥ ያለ። በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ኮላ ራሱ ውሃውን ለእንጨቱ ያጠጣዋል። ከተለጠፈ በኋላ ሳይላግ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ በ40፣ በ60፣ በ120 ብርጭቆ ወረቀት ተራ በተራ ይላጋል።

ማንጠፍ

የላሚኔት ካርቶኖች ሳይከፈቱ፣ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ተጋድመው 48 ሰዓት ይቆዩ። ግድግዳ ላይ አይደገፉ፤ ይጎብጣሉ። ሙሉ እንጨት ከሆነ እሽጉ ተፈትቶ፣ አየር እንዲያልፍበት በስስ ጣውላ እየተለየ ቢያንስ አንድ ሳምንት።

ከመጀመርዎ በፊት የመጨረሻውን ረድፍ ያስሉ። የክፍሉ ወርድ 3.40 ሜትር ነው እንበል። በሁለቱም ግድግዳ አንድ አንድ ሴንቲሜትር የመተንፈሻ ክፍተት ሲቀነስ 338 ሴንቲሜትር ይቀራል። የፓርኬው ስፋት 19.5 ከሆነ 17 ረድፍ 331.5 ይሞላና 6.5 ሴንቲሜትር ቁራጭ ይተርፋል። ያ ቁራጭ ግድግዳ ጥግ ላይ ያስጠላል፣ በቀላሉም ይነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረድፍ 13 ሴንቲሜትር አድርገው ይቁረጡት፤ 16 ሙሉ ረድፍ ይከተላል፣ የመጨረሻውም 13 ይሆናል። ለመቁረጫ ብክነት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይጨምሩ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ከተነጠፈ ከ10 እስከ 15።

ፓርኬው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅጣጫ ቢተኛ መገጣጠሚያው አይታይም። የአጠገብ ረድፎች የጫፍ መገጣጠሚያ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራራቅ። በዙሪያው ሽብልቅ እያስገቡ ለላሚኔት ከ8 እስከ 10፣ ለሙሉ እንጨት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ሲጨርሱ ሽብልቆቹን ማውጣት አይርሱ። የቧንቧ ቀዳዳ ከቧንቧው ሁለት ሴንቲሜትር ይስፋ። የበሩ መቃን ግርጌው በመጋዝ ተቆርጦ ፓርኬው ከሥሩ ይግባ እንጂ ፓርኬው በመቃኑ ቅርጽ አይቀደድ። በየበሩ፣ እንዲሁም ርዝመቱ ከ8 ሜትር በሚያልፍ ሳሎን ውስጥ መለያያ ፕሮፋይል ያስፈልጋል።

ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን፣ ወይም ዞኮሎውን ከግድግዳው ይልቅ ከፓርኬው ጋር መምታት፣ ክፍተቱን እንደሌለ ያደርገዋል። ወለሉ ላይ የሚቸነከር ትልቅ የኩሽና ካቢኔም ሆነ ግድግዳ ሙሉ ቁም ሳጥን እንዲሁ ነው። ሊሾው ላይ አስቀድሞ ይቁም፣ ፓርኬው ዙሪያውን ይነጠፍ። አንድ ቦታ ላይ የተቸነከረ ወለል ሲሰፋ በሌላ ቦታ ይነሳል፤ ሰዎች ግን የተነሳውን መሃል ብቻ እያዩ መንስኤውን ከቁም ሳጥኑ ሥር ሳይፈልጉ ይቀራሉ።

ከሥሩ ባዶ የሆነ የጣውላ ወለል

በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብለው በተሠሩ የድሮ ቤቶች ጣውላው በወፍራም አግዳሚ እንጨቶች ላይ ተመትቷል፣ ከሥሩም አየር አለ። መሠረቱ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ቀዳዳዎች ለዚህ አየር ነው የተተዉት። ግቢው በአፈር ወይም በኮንክሪት ከፍ ሲል ይደፈናሉ፣ እርጥበቱ ከሥር ይታፈናል፣ አግዳሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። ስለዚህ ወለሉ መሃሉ ሰርጎ ሲያዩ ላዩን ለማስተካከል አይቸኩሉ። ሁለት ጣውላ አንስተው አግዳሚውን በጩቤ ጫፍ ይውጉት፤ በቀላሉ ከገባ ይቀየር ወይም በጎኑ ጤነኛ እንጨት ይደረብለት። ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ፣ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ። የላላው ጣውላ በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይያዝ፣ ሲጥ ሲጥታው የሚመጣው ሚስማሩ በቀዳዳው ውስጥ ከመመላለስ ነውና። ከዚያ 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ በየ15 ሴንቲሜትሩ በብሎን ይመታበታል፤ አዲሱ ፓርኬ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። እዚህ ፕላስቲክ አይነጠፍም፤ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ጣውላው ውስጥ ያስቀረዋል።

ከተነጠፈ በኋላ

ጠርዝና ጠርዙ ከፍ ብሎ መሃሉ ሰርጎ የታየ የእንጨት ፓርኬ ከሥሩ እርጥበት እየጠጣ ነው፤ ምንጩ ሳይደርቅ ቢላግ፣ ሲደርቅ በተቃራኒው መሃሉ ያብጣል። ላሚኔት ላይ መገጣጠሚያው ብቻ ካበጠ ውሃው ከላይ ነው የገባው። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል፤ ባልዲ አይደፋ።

ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማም እርጥብ ነው። ላሚኔት ላይ በቀጥታ ተነስንሶ ሲያድር ውሃው ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፣ አረንጓዴው ቀለምም ቫርኒሽ ላይ ይቀራል። ከሥሩ ወፈር ያለ ፕላስቲክ ወይም ሰሌን ያንጥፉና ማታውኑ ያንሱት፤ የከሰል ምድጃውንም በሰፊ ትሪ ላይ ያሳርፉት።

አንድ ሙሉ ካርቶን ይተርፍዎ። ከቁም ሳጥን ሥር አጋድመው ያስቀምጡት፣ የምርት ቁጥሩ የተጻፈበትን የካርቶኑን ጎን ሳይቀዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ቀለምና ያንኑ መቆላለፊያ ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።